የወንዝ ሸርጣን ልኬት፦ ወንዱንና ሴቷን አንድ ላይ ማስላት ይገባል?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)
የተከበራችሁ አባላት፣ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ በአልኮል የተቀመጡ፣ ፖታሞናውቴስ በሚባለው የአፍሪካ ወገን የሚመደቡ የወንዝ ሸርጣኖችን እየለካሁ ነው። የጀርባ ቅርፊታቸውን ስፋትና ርዝመት በካሊፐር ስወስድ ቁጥሮቹ ይስማማሉ፤ የሆዳቸውን ስፋትና የመቆንጠጫቸውን ርዝመት ስጨምር ግን ነጥቦቹ በግራፉ ላይ ይበታተናሉ። ወንዱንና ሴቷን አንድ ላይ ማስላት ይገባኛል? ለመራባት የደረሰውንስ ካልደረሰው በምን ልለየው?

መልስ (ከፒያሳ)
መበታተኑ የአለካክ ስህተት አይመስለኝም፤ ከአኗኗራቸው የመጣ ነው። የወንዱ ሆድ ዕድሜውን ሙሉ ጠባብና ሦስት ማዕዘን መሰል ሆኖ ሲቀር፣ የሴቷ ግን ለመራባት ስትደርስ፣ ቅርፊቷን በምትቀይርበት ወቅት በእጅጉ ሰፍቶ እስከ እግሮቿ መነሻ ድረስ ይዘረጋል። የወንዝ ሸርጣን እንደ ባሕር ዘመዶቹ በውሃ የሚንሳፈፍ እጭ የለውም፤ እናቲቱ እንቁላሏን በሆዷ ሥር ትይዛለች፣ የሚፈለፈሉትም ቅርጻቸው የተሟላ ትንንሽ ሸርጣኖች ሲሆኑ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ተጠልለው ይቆያሉ። ሴቶቹን ለይተው የሆዳቸውን ስፋት ከቅርፊታቸው ስፋት ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ሆዱ በድንገት የሚሰፋበት መጠን ለመራባት የደረሱትን ካልደረሱት ይለይልዎታል። ወንዶቹንም ለብቻ ያስሏቸው፤ በትልልቆቹ ላይ አንዱ መቆንጠጫ ብዙ ጊዜ ከሌላው ስለሚልቅ ግራና ቀኙን ለየብቻ ይመዝግቡ።

መልስ (ከካዛንቺስ)
ስፋቱ ቅርፊቱ ከሁሉም በሚሰፋበት ቦታ፣ ርዝመቱ ከግንባሩ ጠርዝ እስከ ኋለኛው ጠርዝ በመሃል መስመር ላይ ይለካ። ከጥሬው ቁጥር ይልቅ ንጽጽሩ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ስፋቱ 40፣ ርዝመቱ 28 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ርዝመቱ የስፋቱ 0.7 እጅ ነው። ዝርያውን ግን በልኬት ብቻ እንዳይወስኑ አደራ እላለሁ፤ የዚህ ወገን ዝርያዎች በቅርፊታቸው በጣም ስለሚመሳሰሉ፣ ባለሙያዎች ይበልጥ የሚመኩት በወንዱ የመጀመሪያ ጥንድ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ይህ አካል ስስ ስለሆነ ሆዱን ሲገልጡ ቀስ ይበሉ።

መልስ (ከስድስት ኪሎ)
ቅርፊቱን ከማጽዳትዎ በፊት ገላውን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱልኝ። እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ በሆነ የኬንያ ግኝት፣ የወንዝ ዳር ዕውርነት በሽታን የምታስተላልፈው ሲሙሊየም ኔቬይ የተባለች ጥቁር ዝንብ እጮቿ በሸርጣኖች ገላ ላይ ተጣብቀው ተገኝተዋል። የተጣበቀ እጭ ካዩ ሳይጥሉ በአልኮል ያስቀምጡት፤ ብልቃጡንም ከተገኘበት ሸርጣን ጋር አንድ መለያ ቁጥር ይስጡት።