ሐረርና ድሬ ላይ አስጎብኚ የማያሳየው ነገር የት ነው ያለው?

ፊደል_ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ግራፊክ ዲዛይን ነው የምሠራው። በቅርቡ ለሥራ ድሬ እመጣለሁ፣ ሐረርም ብቅ ለማለት አስቤያለሁ። ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር ሐረር ሄደን ያየነው ያው የሚታወቀውን ነው። ጅብ ማብላት፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት፣ ባለ ቀለም ግድግዳ ተደግፎ ፎቶ መነሳት፣ በቃ። ደስ ይላል፣ አይካድም። አሁን የምፈልገው ግን ሌላ ነው። በእጅ የተጻፈ የሱቅ ታፔላ፣ የድሮ የብረት በር፣ ሰው እየሠራበት ያለ ወርክሾፕ፣ ቤት ውስጥ ያለ ጌጥ፣ ብቻ ለጎብኚ ተብሎ ያልተዘጋጀ ነገር። ጋለሪ አትንገሩኝ። ደግሞ ካሜራ ይዤ ብዞር ሰው ይቆጣኛል?

ጀጎል_ውስጥ፦
አቦ እንኳን ጠየቅሽ! ባለ ቀለሙን ግድግዳ ለጊዜው ተዪው። እሱ እኮ ይቀያየራል፣ ረመዳን ሲቃረብ ሴቶቹ ቤቱን አድሰው ይቀቡታል፣ አምና አረንጓዴ ያየሽውን ዘንድሮ ሐምራዊ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። ቁም ነገሩ ያለው ውስጥ ነው። የሐረሪ ቤት (ጌይ ጋር) ከመንገድ ስታይው ድፍን ግንብ ነው፣ ምንም አይነግርሽም። ግቢውን አልፈሽ ሳሎን ስትገቢ ነው ነገሩ የሚገባሽ። ወለሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው፣ ነደባ ይባላሉ፣ እያንዳንዱም ስምና ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የትልቅ ሰው ነው፣ ጊድር ነደባ ሰፊው ነው፣ ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከእይታ ከለል ያለ ነው። ወንበር የለም፣ ጠረጴዛ የለም፣ ግን እንግዳ ገብቶ የት ልቀመጥ ብሎ አይደናገርም። ይሄን ያሰበ ሰው ዲዛይነር ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

የመደቡ ፊት ቀይ ነው። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። አያቴን ስጠይቃት ግን "ቀይ አፈር ቆሻሻ አያሳይም" ብላ ነው የዘጋችኝ፣ የቱን እንደምታምኚ አንቺ ታውቂያለሽ። ግድግዳውን ቀና ብለሽ እዪ፣ የተሰቀለው የሙዳይና የሰፌድ ስፌት ዝም ብሎ አልተሰቀለም። ጥንድ ጥንዱ ከነንድፉ ተመሳስሎ ነው የሚሰፋው፣ አንዱን አንስተሽ ሌላ ቦታ ብትሰቅዪ የቤቱ እመቤት ወዲያው ነው የምታውቅብሽ።

ሰው ቤት ዘው ብሎ መግባት አይሆንም መቼም። ጀጎል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ የሆኑ የድሮ ቤቶች ስላሉ አንድ ሌሊት እደሪ፣ ማታ ላይ ተረጋግተሽ ታዪዋለሽ።

የቀዚራ_ልጅ፦
ሁሌ ሐረር፣ ሁሌ ሐረር! እህቴ ድሬ ለሥራ መጥተሽ ድሬን ሳታዪ ልትሄጂ ነው እንዴ?

ባቡሩ ሐረር ተራራ ላይ ልውጣ ቢል ወጪው ስለማይቻል ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፣ ከተማዋም ከሱ ጋር መጣች። ስለዚህ ከለገሃር ጀምሪ። ከዚያ ቀዚራ የሚባለውን ሰፈር በእግርሽ ዙሪ፣ ባቡሩን ያመጡት ፈረንሳዮች በማስመሪያ ያሰመሩት ነው የሚመስለው፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ በረንዳ ያላቸው ቤቶች። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ መጋላ ሰፈር ስትገቢ ደግሞ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሱቁ ይደራረባል፣ ታፔላው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ አንዳንዴ በዓረብኛም ይጻፋል። ፊደል ከወደድሽ እዚያ ነው የምትጠፊው። የቀፊራ ገበያን ቅስት በር አትለፊው።

የድሮው ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ አሮጌ ማሽኖችና ፉርጎዎች አሉ፣ ግን ፈቃድ ጠይቂ እንጂ በአጥር በኩል ካሜራ እንዳታሾልኪ፣ ጣጣ ነው። ከሁሉም የቆየውን ሥዕል ከፈለግሽ ደግሞ ለገ ኦዳ አለ፣ ዋሻ ውስጥ ከብትና ሰው ተስሎበታል። ከከተማ ወጣ ስለሚል መኪናና አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሻል።

መርፌና_ክር፦
እኔ አጭር ነው የምለው። ሐረር ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደውን፣ መኪና ግርግር የሚባለውን ጠባብ መንገድ ያዢ። ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን በር ላይ አውጥተው ነው የሚሠሩት። ቆሞ የሚያያቸውን ሰው አይወዱም፣ ደንበኛን ግን ይወዳሉ። እዚያው ሱቅ ጨርቅ ግዢ፣ ለአንዱ ስጪና አጠገቡ ተቀመጪ። ቀሚስሽ እስኪያልቅ የፈለግሽውን ጠይቂው፣ ፎቶውንም ያኔ አይከለክልሽም። ገበያ ላይ ያሉ እናቶችን ግን ሳትጠይቂ እንዳታነሺ። አንዳንዷ ብር ትልሻለች፣ አንዳንዷ ፊቷን ታዞራለች፣ ሁለቱም መብቷ ነው።

ብራና፦
የራምቦን ቤት እንዲህ በአንድ ቃል አትዝለሉት እንጂ። ራምቦ እኮ በ1884 ዓ.ም. ሞቷል፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ ህንዳዊ ነጋዴ የሠራው ነው። እኔ ስለ ገጣሚው ግድ የለኝም፣ ሰው ግን የሱን ፎቶ አይቶ ይወጣል፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ሥዕልና ባለ ቀለም መስታወቱን ማንም ቀና ብሎ አያይም። የእንጨት ሥራውን ለማየት ብቻ እንኳ መሄድ ያዋጣል።

ሌላው፣ ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለው የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። ሙዚየም ነው ብለሽ እንዳትተዪው። የሐረር የመጽሐፍ ድጉሰት (በቆዳ መሸፈንና መጠረዝ) እዚያ ነው ያለው። ቆዳው ላይ የተመታውን ጌጥና እንደ ፖስታ ታጥፎ መጽሐፉን የሚሸፍነውን ክዳን በቅርብ እዪ። ያ ጥበብ ሊረሳ ደርሶ ነበር፣ እሳቸው ናቸው መልሰው ያስነሱት። የመጽሐፍ ሽፋን ለሚሠራ ሰው አንድ ሙሉ ከሰዓት አይበቃም።

ፊደል_ወዳድ፦
ኧረ ተባረኩ! የመኪና ግርግሩን ዘዴ ወድጄዋለሁ፣ ቀሚስም ያስፈልገኛል። አንድ ነገር ብቻ፣ ድሬ ላይ ከሥራ የምወጣው 6 ሰዓት አካባቢ ነው። ከሰዓት መጋላን ብዞር ይሻላል ወይስ ጠዋት ልነሳ?

የቀዚራ_ልጅ፦
በ6 ሰዓት? በዚያ ፀሐይ? አቦ ተይ! ያኔ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው፣ ባለቤቱም በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው። ሥራ ሳትገቢ በጠዋት ቀፊራን እዪ፣ አለዚያ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ውጪ። ባጃጅ ስትይዢ ደግሞ ወንበሩን በክርና በዘርፍ ያሸበረቀውን ምረጪና ማን እንደሰፋለት ሹፌሩን ጠይቂው፣ ሰፊው ቤት ድረስ ይወስድሻል። ሂሳቡን ግን ሳትሳፈሪ ተነጋገሪ።