ኖርዌይኛ ወይስ ፈረንሳይኛ? ሁለቱንም ተምሬ ያየሁትን ልጠቁማችሁ

ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ልጆች፣ የእህቴን ልጅ ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ያነሱብኛል፤ «ጊዜዬንና ገንዘቤን በየትኛው ቋንቋ ላይ ላውል?» ፈረንሳይኛን ፒያሳ ተምሬ፣ ኖርዌይኛን ደግሞ ኦስሎ ከገባሁ በኋላ ስለተማርኩ የማውቀውን እዚህ ላስፍረው።

በመጀመሪያ የት እንደምትኖሩበት አስቡ። ኖርዌይኛ የ5 ሚሊዮን ሰው ቋንቋ ነው። ስዊድንና ዴንማርክ ቢያግባባም፣ ኖርዌይ የመኖር ጉዳይ ከሌላችሁ ሥራ ላይ የምታውሉበት ቦታ አታገኙም። ፈረንሳይኛ ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁም እንጀራ ይሆናል። የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ነው፣ ጅቡቲም የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ ለካናዳ ለሚያመለክትም ነጥብ ይጨምራል። ስለዚህ ባለቤታችሁ ወይም ቤተሰባችሁ ኖርዌይ ሆኖ ጉዳያችሁ ከተጀመረ ዛሬውኑ ኖርዌይኛ ጀምሩ፤ ካልሆነ ፈረንሳይኛ። ለትምህርት ብላችሁ ኖርዌይን የምታስቡ ደግሞ፣ ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪን እንደሚያስከፍሉ እወቁ። የድሮው ወሬ ነፃ ነው የሚል ነው፤ ዛሬ አይሠራም።

አሁን ወደ ክብደታቸው ልምጣ። ሰው ሁሉ «የቱ ይቀላል?» ይላል። የኖርዌይኛ ሰዋስው በጣም ቀላል ነው። ግሱ በባለቤቱ አይለዋወጥም፤ «ያይ አር፣ ዱ አር፣ ሃን አር» ብሎ በአንድ «አር» እኔም፣ አንተም፣ እሱም ያልቃል። ፈረንሳይኛው «ዥ ስዊ፣ ቲዩ ኤ፣ ኢል ኤ፣ ኑ ሶም» እያለ ይቀያየራል። እኛ ግን ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄደች እያልን ያደግን ስለሆንን ይህ ያን ያህል አያስፈራንም። እንዲያውም አማርኛ ተናጋሪ ኖርዌይኛ ላይ ሁለት ነገር በነፃ ያገኛል። አንደኛው፣ «መኪና» ብለን «መኪናው» እንደምንለው እነሱም «ቢል» ብለው «ቢለን» ይላሉ፤ ምልክቱ ከኋላ ይቀጠላል። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ አንድ ነገር መኖሩን ይናገራል። ኖርዌይኛም እንዲሁ ነው፤ «ታክ» ሲጠብቅ ምስጋና ነው፣ ሲላላና አናባቢው ሲረዝም ደግሞ ጣራ ነው። ክፍላችን ውስጥ የነበሩ የሌላ አገር ሰዎች ይህን ለመለየት ሳምንታት ሲታገሉ እኛ ሐበሾቹ በመጀመሪያው ቀን ሰማነው።

ችግሩ ጆሮ ላይ ነው። መጽሐፉ የሚያስተምራችሁ «ያይ» ቤርገን ስትሄዱ «ኤግ» ይሆናል፣ ትሮንድሄም ደግሞ «አ» ብቻ ይቀራል። «ቫ» ብላችሁ የተማራችሁት «ምን» እዚያ «ካ» ነው። ሁሉም ሰው በራሱ ቀበሌኛ ይናገራል፤ ሥራ ቦታም፣ ቴሌቪዥንም፣ ፓርላማም። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነበር። አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ እንድይዝላቸው ጠየቁኝ። እዚህ ስልክ 8 አኃዝ ነው፣ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይነበባል። «ፌም ኦ ቲዩቨ» አሉኝ፤ አምስት ሲሉ ሰምቼ 5ን አስቀደምኩ፣ 52 ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስቴም የማላውቀው ሰው አነሳ። ለካ «አምስት እና ሃያ» ማለታቸው ነው፣ 25። አገሪቱ ሃያ አምስት ወደሚለው አቆጣጠር የዞረችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ አረጋውያኑ ግን የልጅነታቸውን አልተዉም። ይህን የትኛውም መተግበሪያ አልነገረኝም።

ፈረንሳይኛም በቁጥር ይፈትናል። 97 «አራት ሃያ አሥራ ሰባት» ተብሎ ነው የሚጠራው። ግን አንዴ ከያዛችሁት የትም ብትሄዱ አብዛኛው ሰው የሚለው እሱኑ ነው፤ እንደ ቤልጂግና ስዊዘርላንድ ያሉ ጥቂት አገሮች ለሰባና ለዘጠና የራሳቸው አጠራር አላቸው። የፈረንሳይኛ ከባዱ አፍ ነው። የሚጻፈው ግማሹ አይነበብም፣ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል። ፒያሳ ያስተማሩን መምህር «ቲዩ» እና «ቱ»ን ለመለየት የሰጡን ዘዴ እስከዛሬ ይሠራልኛል፤ «ኢ» በሉ፣ ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከንፈራችሁን ብቻ እንደ «ኡ» አሹሉት። ይህ ዘዴ ኖርዌይኛ ላይም ጠቅሞኛል። አክብሮቱ ደግሞ ልብ ያሳርፋል፤ «ቩ» ሲሉ «እርስዎ» ማለት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ለሐኪሙም ለሚኒስትሩም «ዱ» ነው። እነዚያን እናት «አንቺ» ማለት ለወራት አፌ ላይ ከብዶኝ ነበር።

ስለዚህ ገንዘባችሁን በዚህ መልክ ክፈሉ፤ ለፈረንሳይኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፋችሁን የሚያርም መምህር፣ ለኖርዌይኛ ደግሞ ሰዋስውን በነፃ ተምራችሁ ያላችሁን ሁሉ ከሰው ጋር በማውራት ላይ።

ለፈረንሳይኛ አዲስ አበባ ላላችሁ የማያሳፍረኝ ጥቆማ ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ነው። ከ1907 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ያለ ቤት ነው፣ ድሬዳዋም አለ። ክፍል ውስጥ ተናገሩ ብለው ያስገድዷችኋል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ይጠቅማል። ከዚያ ውጭ በየቀኑ አሥር ደቂቃ የሬዲዮ ፍራንስ ኢንተርናሲዮናልን የቀላል ፈረንሳይኛ ዜና ስሙ። ጽሑፉ አብሮ ይወጣል፣ በነፃ ነው፤ መጀመሪያ ሳታነቡ ስሙ፣ ከዚያ እያነበባችሁ ድገሙት። ቴቬ ሳንክ ሞንድ የሚባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ልምምዶችም በየደረጃው ተለይተው በነፃ አሉ። ፈተና ላይ አትሳሳቱ፦ ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ምስክር ወረቀት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ለካናዳው የፌዴራል የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ ግን አይቀበሉትም። ለእሱ ቴፍ ካናዳ ወይም ቴሴኤፍ ካናዳ ነው፣ ውጤታቸውም ለ2 ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ፋይላችሁ ሳይዘጋጅ አትፈተኑ።

ለኖርዌይኛ፣ ትሮንድሄም ያለው ኤን ቲ ኤን ዩ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የለቀቀውን ነፃ ኮርስ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ጀምሩ። ድምፅ አለው፣ መልመጃ አለው፣ ለመጀመሪያ ደረጃ ከበቂ በላይ ነው። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው። ዱኦሊንጎም ሁለቱን ቋንቋዎች በእንግሊዝኛ በኩል ያስተምራል፤ ለቃላት ጥሩ ነው፣ ለመናገር አይበቃም። ለንባብ ክላር ታሌ የሚባለውን በቀላል ኖርዌይኛ የሚዘጋጅ ጋዜጣ ያዙ። ለጆሮ የኖርዌይ ሕዝባዊ ማሰራጫ የሆነው የኤንአርኮ ሬዲዮ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዳንዱ ፕሮግራም ከኖርዌይ ውጭ አይከፈትም።

በሚከፈልበት ትምህርት ግን እኔ ተጎድቻለሁ። በዙም የሚያስተምር አንድ የግል ትምህርት ቤት የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሜ ከፈልኩ። አርባ ሰው ነበርን፣ ባዶ ቦታ ስንሞላ ብቻ ከረምን፣ አንድም ቀን ተራ ደርሶኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልተናገርኩም። ገንዘቤን ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ? አንድ ቀን በነፃ ገብቼ ማየት እችላለሁ? ሁለተኛውን እምቢ ካሉ ተዉት።

አፌን የፈታልኝ ስፕሮክ ካፌ፣ ማለትም ሰው ተሰብስቦ ቋንቋውን በማውራት የሚለማመድበት «የቋንቋ ካፌ» ነው። ቤተ መጻሕፍትና ቀይ መስቀል የሚያዘጋጁት ነው፣ አይከፈልበትም። ኦስሎ ቢዮርቪካ ያለው ትልቁ የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጡረተኞች ቡና ይዘው ተቀምጠው ያወሯችኋል። ስሕተታችሁን ቀስ ብለው ያርሟችኋል፣ ቀበሌኛቸውም የተለያየ ነው። ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለዜግነት በንግግር ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ስለሚጠየቅ (ድሮ ከእሱ ዝቅ ያለው ኤ2 ነበር) ይህን ልምምድ ከመጣችሁበት ወር ጀምሩት። ስደተኛ ሆናችሁ ከገባችሁ ደግሞ ኮሙናችሁን (የምትኖሩበትን ማዘጋጃ ቤት) ስለ ነፃው የቋንቋ ትምህርት ጠይቁ፤ መብታችሁ የሆነውን ከኪሳችሁ እንዳትከፍሉ።

ቤርገንና ትሮንድሄም ያላችሁ፣ የምታውቁት ጥሩ ስፕሮክ ካፌ ካለ ቀኑንና ቦታውን ጻፉልን። የእህቴ ልጅ በመስከረም ቤርገን ትገባለች።