ሕልምና ሜዲቴሽን ሕክምና ውስጥ ምን አገባቸው?

አወያይ፦ ጥያቄው ባለፈው ሳምንት ከተነሳው ጭቅጭቅ የመጣ ነው። አንዱ "ሐኪሜ ሜዲቴሽን አዘዘልኝ" አለ። ሌላው "ነገ ደግሞ ሕልምህን ይፈታልሃል" ብሎ ቀለደበት። ቀልዱ ወደ ስድብ ሲሄድ ዘጋሁት። አሁን ረጋ ብለን እንነጋገር። ሕልምና ሜዲቴሽን የታመመ ስሜትን ያክማሉ? ወይስ ለሃይማኖት ይተዉ? ስድብ አጠፋለሁ።

ተጠራጣሪው፦ አያክሙም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሆብሰንና ማካርሊ የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ነገሩን ግልጽ አድርገውታል። እንቅልፍ ላይ እያለን ከአንጎል ግንድ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይነሳል። የላይኛው አንጎል ደግሞ ያንን ታሪክ ለማስመሰል ይታገላል። ሕልም ይኸው ነው። ደመና ላይ የሰው ፊት እንደማየት ማለት ነው። ደግሞስ "ሕልም እንደ ፈቺው ነው" ይባል የለ? ፈቺው ሲቀየር ትርጉሙ ከተቀየረ፣ መጀመሪያውኑ ውስጡ ምንም አልነበረም።

ሲስተር፦ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል የሌሊት ተረኛ ነኝ። ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የያዝከው። የተኛ ሰው ዐይኑ ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበት ሰዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 አሰሪንስኪና ክላይትማን የለዩት ነው። ስሜት የሞላበት ሕልም በብዛት የሚታየው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ፍርሃትን የሚያስተናግደው አሚግዳላ የሚባል የአንጎል ክፍል በደንብ ይሠራል። ሰውነትን የሚያስደነግጠው ኖርአድሬናሊን የተባለ ኬሚካል ግን አንጎል ውስጥ እጅግ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች "አስፈሪውን ነገር ያለ ድንጋጤ ደግመን የምናይበት ጊዜ ነው" ይላሉ። መላምት ነው፣ አልክድህም። ግን ሮዛሊንድ ካርትራይት የምትባል የእንቅልፍ ተመራማሪ በፍቺ ምክንያት ድብርት የያዛቸውን ሰዎች ሕልም አጥንታለች። የቀድሞ ባላቸውን ወይም ሚስታቸውን ስሜት ባለው ሁኔታ ያለሙት በተሻለ አገግመዋል። ልብ በል፣ ማንም ሕልማቸውን አልፈታላቸውም።

ተጠራጣሪው፦ ወደ መዳኑ የተቃረበ ሰው ነው እንደዚያ የሚያልመው ቢባልስ?

ሲስተር፦ ልክ ነህ። ይሄን መመለስ አልችልም።

ጋሽ አርምሞ፦ ልጆቼ፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። በጸሎት ግን ቆይቻለሁ። ሕልም ሁሉ መልእክት ነው የሚለኝን ሰው እሸሸዋለሁ። መጽሐፉም "ሕልም በሥራ ብዛት ይታያል" ብሎናል። ዮሴፍም ለፈርዖን ሕልሙን ሲፈታለት እህል አከማች ነው ያለው። ሥራ ነው የሰጠው። ከወንድሜ ጋር በውርስ ተጣልተን አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። አንድ ሌሊት በሕልሜ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲጠርግ አየሁት። ሊገባ እንደሆነ ሰው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከመልአክ ይሁን ከአንጎል ግንድ አላውቅም። ጠዋት ተነሥቼ ደወልኩለት።

ተጠራጣሪው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የደወሉት እርስዎ ነዎት። ሕልሙ አልደወለም።

ጋሽ አርምሞ፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስልኩ አጠገቤ ነበር እኮ ልጄ።

ፈጅር፦ በእስልምናም ሕልም ሦስት ዓይነት ነው። ከአላህ የሆነ መልካም ሕልም አለ። ከሸይጣን የሆነ ማስፈራሪያ አለ። ሰው ለራሱ የሚያወራውም አለ። ሲስተር የምታወራው ስለ ሦስተኛው ነው፣ ጋሼ ስለ መጀመሪያው። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም።

ሦስተኛው ቀን፦ ሜዲቴሽኑን ረሳችሁት። እናቴ ካረፈች በኋላ የአሥር ቀን የዝምታ ሥልጠና ገባሁ። ንግግር የለም፣ ስልክ የለም፣ ከንጋት እስከ ማታ ትንፋሽን መከታተል ብቻ። ሁለቱ ቀን ሰላም ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐይኔን እንደጨፈንኩ የኦክስጅኑ ውሃ ሲንቦቀቦቅ ሰማሁ። ሆስፒታል ውስጥ ከአልጋዋ ራስጌ የነበረው ያ ድምፅ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለአሠልጣኙ ስነግረው "ያልፋል፣ ተቀመጪ" አለኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወጥቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። በኋላ ባለሙያ ጋ ሄጄ ያንኑ ድምፅ ቁጭ ብዬ ሳወራው ነው የቀለለኝ። "ዝም ብለሽ ተንፍሺ" የሚሉኝን ሰዎች አሁን ድረስ አልወዳቸውም።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አሠልጣኙ ያን ቀን "ዐይንሽን ግለጪ፣ ተነሺ፣ ውጪና ተራመጂ" ሊልሽ ይገባ ነበር። ከባድ ሐዘን ወይም አደጋ ያለፈበትን ሰው ረጅም ዝምታ ውስጥ ከመክተት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ እንዳለ ሆኖ ማስረጃው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የ47 ሙከራዎች ግምገማ ወጥቶ ነበር፣ ከ3,500 በላይ ሰው ያለበት። ሜዲቴሽን ለጭንቀትና ለድብርት መጠነኛ ጥቅም አለው፣ ከመድኃኒት ወይም ከስፖርት ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን የለም ነው ያለው። በ2022 ደግሞ የጭንቀት ሕመም ላለባቸው ሰዎች የስምንት ሳምንት የሜዲቴሽን ሥልጠና፣ ለጭንቀት ከሚታዘዘው ከኤሲታሎፕራም ክኒን እንዳላነሰ ታየ። በዚያው ዓመት ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተካተቱበት ጥናት ወጣ። ሜዲቴሽንን ለሁሉም ልጅ በጅምላ ማስተማሩ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ነገር አላመጣም። እኔ የሚገባኝ ይሄ ነው፦ ለሚፈልገውና ለሚስማማው ይሰጥ፣ እንደ ክትባት ለሁሉም አይታደል።

ተጠራጣሪው፦ የኤሲታሎፕራሙን አላውቅም ነበር። እሺ፣ አንድ ነጥብ ያዢ። ግን ይሄን ያነበበ ሰው ነገ ክኒኑን ሽንት ቤት እንዳይጥል።

ሲስተር፦ እሱስ ልክ። ሐኪሙን ሳያማክር አንዲት ፍሬ እንኳ አያቁም።

ሌሊቱን ሙሉ፦ ክርክራችሁን ሳነብ አመሸሁ፣ መተኛት ስለምፈራ። "ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም" የሚሉት እኔን አያውቁኝም። የመኪና አደጋ ደርሶብኛል። አሁንም በሳምንት ሦስት አራቴ ያው ሕልም ነው። ቁልቁለት ነው፣ ፍሬኑን እረግጣለሁ፣ አይዝም። ለእኔ ምን አላችሁ?

ሲስተር፦ ለአንተስ አለ። ቀን፣ በብርሃን፣ ቅዠቱን ወረቀት ላይ ጻፈው። ከዚያ ደስ ባለህ መንገድ ቀይረው። ሞኝ ነገር ቢሆንም ግድ የለም። አዲሱን ብቻ በየቀኑ አሥር ሃያ ደቂቃ በሐሳብህ ተለማመደው። አሮጌውን ደጋግመህ አታውራው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በዚህ ዘዴ ቅዠታቸው ቀንሶላቸዋል። ስትጽፈው ከባሰብህ ግን ብቻህን አትግፋው፣ ባለሙያ ፈልግ።

ተጠራጣሪው፦ ይሄኛው ደስ ይለኛል። ትርጉም የለው፣ ትንቢት የለው።

ሌሊቱን ሙሉ፦ (ከሁለት ሳምንት በኋላ) ጻፍኩት። በአዲሱ ሕልም መኪናዋ ትቆማለች፣ እኔ ወርጄ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ብርቱካን እልጣለሁ። ከፈለጋችሁ ሳቁ። በየማታው ራት ከበላሁ በኋላ ብርቱካኔን ስልጥ ሰነበትኩ። ትናንት ሌሊት ያው ሕልም መጣ። ብርቱካን የለም። ፍሬኑም አሁንም አይዝም። መንገዱ ግን ዳገት ሆኗል። መኪናዋ እየዘገየች ሄዳ ሄዳ ራሷ ቆመች።

ተጠራጣሪው፦ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ብርቱካኑ ከመጣ ግን ጻፍልን።