ባሕር ዳር እናቴ ቤት ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ከሚኒሶታ፦
ሰላም ወገን። እናቴ ሽምብጥ ነው የምትኖረው። ሰሞኑን ስልኳ ላይ ዋይፋዩ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል። በቪዲዮ መተያየት ከቀረ ሰነበተ፤ በመደበኛ ስልክ እየደወልኩ ገንዘቡ አለቀ። የጎረቤት ልጅ «ሪሴት ላድርገው» ብሏታል። ካልሆነ ከዚህ አዲስ ራውተር በሰው ልልክ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን አስቁሚው። በመርፌ የምትጫነዋ ቀዳዳ ራውተሩ ላይ የተሞላውን ሁሉ ታጠፋለች፤ መስመሩ ሲገባ ባለሙያው ያስገባው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ካለ አብሮ ይሄዳል። ያኔ መስመሩ ቢስተካከል እንኳ ባለሙያ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። ከሶኬት ነቅሎ፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ መሰካት ግን ምንም አይጎዳም፤ እሱን ያድርግላት።

«ተገናኝቷል» የሚለው ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለውን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለው ሌላ መንገድ ነው፣ የእናትሽም ችግር የሚመስለኝ እዚያ ነው። ለማረጋገጥ ልጁ በራሱ ስልክ ዋይፋዩን ይሞክር። የሱ ከሠራ ጥፋቱ የእናትሽ ስልክ ነው፤ ቀኑን ይይላት። ዓመተ ምሕረቱን በእጃቸው በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ የድረ ገጾቹ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ያልጸና ስለሚመስለው አልከፍትም ይላል።

የሱም ካልሠራ መብራቶቹን ያንብብልሽ። መስመሩ ፋይበር ከሆነ፣ ማለትም ኢንተርኔቱ በቀጭን የመስታወት ገመድ በብርሃን የሚመጣ ከሆነ፣ «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ መርጋት አለበት። «ሎስ» የሚለው ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ሳጥኑ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ያኔ ቀጭኑን ገመድ ከግድግዳው ጀምሮ በዓይኑ ይከተለው። በዓል ሲመጣ ቤት ይጸዳል፣ ቡፌው ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ገመዱ ከኋላው ይታጠፋል። የፋይበር ገመድ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አይደለም፤ ሳይበጠስም ክፉኛ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል። ገመዱ ደህና ሆኖ ቀዩ ካልጠፋ ግን ችግሩ ውጭ ነው፣ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነገር የለም፤ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደወል።

መብራቶቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ ወርሃዊ ክፍያውን እዪ። የተጠራቀመ ካለ በቴሌብር የሚከፍልላት ሰው አታጪም። ክፍያውም ደህና ሆኖ ቴሌግራም እየሠራ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ፣ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት ነው የተበላሸው፤ ስልኩ የዋይፋይ ቅንብር ላይ «DNS» በሚለው ቦታ 8.8.8.8 ይሙላ።

ራውተር መላኩን እኔ አልወድም። የዚህ አገር አዳፕተር ላይ 100–240 የሚል ካልተጻፈ፣ 120 ብቻ ካለ፣ ባሕር ዳር 220 ላይ ስትሰኪው ይቃጠላል። ደግሞ የኬብል ቴሌቪዥን ሞደም ከሆነ የፋይበር መስመር አያውቅም። የፋይበሩ ሳጥን ራሱ በድርጅቱ የተመዘገበ ስለሆነ ሌላ ብታመጪም ከኋላው የምትቀጥይው እንጂ የምትተኪው አይደለም።

ከባሕር ዳር፦
እኔ እዚሁ ነኝ። ወንድማችን ያለው ልክ ነው፤ ክረምቱን ልጨምር። በጣና በኩል ደመናው ጠቁሮ ማጉረምረም ሲጀምር ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ፋይበሩ መብረቅ አያስገባም፣ ሶኬቱ ግን ያስገባል። አሮጌው የመዳብ ስልክ መስመር ከሆነማ የስልኩን ገመድም ጭምር። መብራት ሄዶ ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ፣ መጀመሪያ ሲመጣ ኃይሉ ይዋዥቃል። አሁን በባትሪ ራውተር የሚያሠሩ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ መላክ ካማረሽ እሱን ላኪ፣ ግን ባለ 12 ቮልት መሆኑን ራውተሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አስተያዪ።

ከሚኒሶታ፦
ደወልኩ። ልጁ አልነካውም፣ እግዜር ይስጥልን። «ሎስ» ቀይ ነው፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ቡፌውን አስነሥተው አዩ፣ ገመዱ ደህና ነው። 994 ደውለው አስመዝግበዋል፣ አሁን ባለሙያ እየጠበቅን ነው። ልልክ የነበረውን ራውተር አዳፕተር ገለበጥኩት፤ 120 ብቻ ነው የሚለው።