«ኦራቶር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልን። ስለ ጥንታዊት ሮም የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሲሴሮ በኦራቶርነቱ እስከ ቆንስልነት ደረሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ተይዣለሁ፤ ቆንስል በየዓመቱ የሚመረጠው የሮም ከፍተኛ ባለሥልጣን ነው። «በተናጋሪነቱ» ስለው ወሬ የሚያበዛ ሰው መሰለብኝ። «በአንደበተ ርቱዕነቱ» ስለው ደግሞ አደባባይ ወጥቶ አሳምሮ ተናገረ፣ ሕዝቡም አጨብጭቦ መረጠው የሚል ይመስላል፤ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ይሰማኛል። «ካንዲዳቱስ»ን እና «አምቢቲዮ»ንስ «እጩ» እና «የሥልጣን ጥም» ብዬ ልለፋቸው? የምታውቁ ብታካፍሉኝ።

መልስ፦

የተሰማዎት ልክ ነው። «ኦራቶር» በድሮው ላቲን መልእክተኛ ማለትም ነበር፤ ሮም ወደ ሌላ ሕዝብ ለድርድር የምትልከው ሰው በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በችሎትም ያው ቃል ያገለግላል። በሁለቱም ቦታ ሰውዬው አፉን የሚከፍተው ስለ ሌላ ሰው ነው። አማርኛው ይህን ካጣ፣ በንግግር ቆንስል መሆን ለአንባቢ ተረት ይሆንበታል።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።) በ204 የወጣው የኪንኪያ ሕግ ለሰው ተሟግቶ ገንዘብም ሆነ ስጦታ መቀበልን ከለከለ። ስለዚህ የተሟጋቹ ዋጋ «ግራቲያ» ነው፤ ለዚህ ደግሞ አማርኛችን «ውለታ» የሚል ልክክ የሚል ቃል አለው። ከክስ ያመለጠው ሰው የውለታ ዕዳ አለበት። ምርጫ ሲደርስ ዘመዱንና የአገሩን ሰው ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም በፊት ባለውለታው ወደ ፎረም፣ ማለትም ወደ ከተማዋ ዋና አደባባይ፣ ሲወርድ አጅቦት ይታያል። የሮም ፖለቲካ ከታች የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሲሴሮን ይመልከቱት። በ106 አርፒኑም በምትባል የገጠር ከተማ ተወለደ፤ ከቤተሰቡ ሮም ላይ ሥልጣን የያዘ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው «ሆሞ ኖቩስ»፣ አዲስ ሰው፣ ይሉታል። በ80 አባትህን ገድለሃል ተብሎ ለተከሰሰው ለሮስኪዩስ ቆመ። ከክሱ ጀርባ የአምባገነኑ የሱላ ሰው ክሪሶጎኑስ ስለነበረበት ስመ ጥሮቹ ተሟጋቾች ዝም ብለው ነበር። ወጣቱ ሲሴሮ ግን ስሙን እየጠራ ተናገረበት፤ ረታም። ከዚያ ወዲያ ጉዳይ ይዞ ደጁ የሚመጣው ሰው በዛ።

በ70 ደግሞ የሲሲሊ ሰዎች ዘራፊ አገረ ገዣቸውን ቬሬስን እንዲከስላቸው ለመኑት፤ በ75 በእነሱ አገር ኳይስቶር፣ ማለትም እንደ በጅሮንድ ያለ ሹም፣ ሆኖ ስለሠራ ያውቁታል። ለቬሬስ የቆመው ሆርቴንሲዩስ ነው፤ እስከዚያ ቀን በችሎት አቻ አልነበረውም፣ ለቀጣዩም ዓመት ቆንስልነት ተመርጧል። የቬሬስ ወገን ነገሩን ወደዚያ ዓመት ሊገፋው ሲጥር፣ ሲሴሮ ረጅሙን ንግግር ተወና ባጭሩ ከፍቶ ምስክሮቹን አከታትሎ አቆመ። ቬሬስ ፍርዱን ሳይጠብቅ ወደ ማሲሊያ፣ ወደ ዛሬዋ ማርሴይ፣ ሄደ። ዛሬ በቬሬስ ላይ የተነገሩ እየተባሉ የሚነበቡት ንግግሮች አብዛኞቹ ችሎት ፊት ጨርሶ አልተነገሩም፤ ጽፎ ያሰራጫቸው ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ድሉ የተገኘው ንግግሩን በማሳጠሩ ነው።

ስለዚህ እኔ «የችሎት ተሟጋች» እላለሁ። «ጠበቃ» መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ዛሬ ፈቃድ አውጥቶ በክፍያ የሚሠራውን ባለሙያ ያስታውሳል። ዓረፍተ ነገርዎ «ሲሴሮ በችሎት ተሟግቶ ባፈራው ውለታ እስከ ቆንስልነት ደረሰ» ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሌላ መልስ፦

ከላይ የጻፉት ወንድማችን ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም «ተናጋሪ»ን ጨርሰን አንጣለው። «ኮንቲዮ» የሚባል የሕዝብ ስብሰባ ነበር። መድረኩ «ሮስትራ» ይባላል፣ ምንቃሮች ማለት ነው፤ በ338 ከአንቲየም ሰዎች የተማረኩ የጦር መርከቦች ምንቃር ስለተሰካበት። ግን ማንም ተነሥቶ አይወጣበትም። ስብሰባውን የሚጠራው ባለሥልጣን ነው፤ ሌላው ሰው የሚናገረው እሱ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ሲሴሮ እዚያ ቆሞ ሕዝቡን ያነጋገረው በ66 ፕራይቶር፣ ማለትም ከቆንስል ቀጥሎ ያለ ሹም፣ ከሆነ በኋላ ነው፤ ለጦር መሪው ለፖምፔ የጦር ሥልጣን እንዲሰጠው ደግፎ። ንግግሩን ሲከፍትም እስከዚያ ድረስ ጊዜውን ሁሉ ለወዳጆቹ ጉዳይ ሰጥቶ እንደነበር ይናገራል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ መጀመሪያ ችሎት፣ ከዚያ ሥልጣን፣ መድረኩ የመጣው ኋላ ነው። ጽሑፍዎ ስለ ኮንቲዮ ሲያወራ «ተናጋሪ» ይበሉ፣ ያስኬዳል።

ከጠያቂ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ውለታ የምትለዋን ወስጃለሁ። «አፈ ቀላጤ»ስ አይሆንም? ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ነውና።

መልስ፦

አይሆንም። አፈ ቀላጤ የጌታውን ቃል ነው የሚያደርሰው፤ ዛሬማ ስድብ ሆኗል። ኦራቶሩ ግን የራሱን ስም አስይዞ ነው የሚቆመው፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የሱ ነው።

ሌላ መልስ፦

እኔ ስለ «ካንዲዳቱስ» ልጨምር፤ እዚህ ላይ አማርኛና ላቲን ጀርባቸውን ይሰጣጣሉ። «እጩ» የመጣው ከ«አጨ» ነው፤ እጮኛም ከዚያው ነው። እጩ እንግዲህ ሌላ ሰው ያሰበው፣ ያጨው ነው። «ካንዲዳቱስ» ግን ነጭ የለበሰ ማለት ነው። ሥልጣን የሚፈልግ ሮማዊ ቶጋውን፣ ማለትም መጎናጸፊያውን፣ በጠመኔ አንጥቶ፣ ለብሶት ፎረም ውስጥ ይታያል። ማንም አላጨውም፤ ራሱ ነው የወጣው። ከጎኑ «ኖሜንክላቶር» የሚሉት ባሪያ ይሄዳል፣ የሚመጣውን ሰው ስም ሹክ ይለዋል፤ እሱም እጅ እየጨበጠ በስም ይጠራል። «እጩ»ን አይጣሉ፣ ሌላ ቃል የለንም፤ ግን የልብሱን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ።

«አምቢቲዮ» ቃል በቃል መዞር ነው፤ ድምፅ ለመለመን እየዞሩ ሰው ማነጋገር። «የሥልጣን ጥም» ኋላ የመጣ ትርጉም ስለሆነ ለዚህ ጽሑፍ ይከብዳል። እኔን ወደ አእምሮዬ የመጣኝ «ደጅ ጥናት» ነው፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ደጅ የሚጠናው ታናሹ ነው፣ በሮም የምርጫ ሰሞን ትልቁ ሰው ወደ ታናሹ ይወርዳል። «ድምፅ ልመና» ቢሉት ይሻላል።

መታየት ለምን ይህን ያህል እንዳስፈለገ ሲሴሮ ራሱ የተናገረው ታሪክ አለ፤ እጅግ እወደዋለሁ። ከሲሲሊ ኳይስቶርነቱ ሲመለስ ሮም ሁሉ ስለ እሱ የምታወራ መስሎት ነበር፤ በእህል ውድነት ጊዜ ብዙ ስንዴ ልኮ ነበርና። ፑቴኦሊ ወደብ ሲወርድ አንዱ «ከሮም የወጣኸው መቼ ነው? ምን አዲስ ነገር አለ?» አለው። ከተሾመበት አገር እየመጣ መሆኑን ሲነግረው «አዎ፣ ከአፍሪካ መሰለኝ» አለ። ተቆጥቶ «ከሲሲሊ!» ሲል፣ ሌላው አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ «በሲራኩስ ኳይስቶር እንደነበረ አታውቅም?» ብሎ ገባ፤ እሱ ግን የሠራው በሌላኛው የደሴቲቱ ጫፍ፣ በሊሊባዩም ነው። ያኔ የሮም ሕዝብ ጆሮው ደነዝ፣ ዓይኑ ግን ስለታም መሆኑን ተረዳ። ከዚያ ወዲያ ከፎረም አልጠፋም፤ የበሩ ጠባቂም እንቅልፉም ሰው እንዳይከለክሉበት አደረገ።

«አምቢቲዮ»ን ከ«አምቢቱስ» ጋር እንዳያደባልቁ። ሁለቱም ከመዞር የመጡ ናቸው፣ «አምቢቱስ» ግን ወንጀል ነው፤ ድምፅ በገንዘብና በግብዣ መግዛት። በ63 ሲሴሮ ራሱ በቆንስልነቱ ቅጣቱን በ10 ዓመት ስደት ያከበደ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ለቀጣዩ ዘመን ቆንስልነት የተመረጠው ሙሬና በአምቢቱስ ተከሰሰ፣ ሲሴሮ ከተሟጋቾቹ አንዱ ሆኖ ቆመለት፤ ሙሬናም ነፃ ወጣ። ከከሳሾቹ አንዱ በምርጫው የተሸነፈው ታላቁ የሕግ ሊቅ ሰርቪዩስ ሱልፒኪዩስ ነበር። ሲሴሮ በዚያ ንግግሩ ሰውን ወደ ከፍተኛው ክብር የሚያደርሱት ሁለት ሙያዎች የጦር መሪነትና የመልካም ኦራቶር ሙያ ናቸው ይላል። ሕግ አዋቂነትን ከዚያ አላስገባውም። «ኦራቶር»ን «የሕግ ባለሙያ» ብሎ መመለስም ስሕተት የሚሆነው በዚህ ነው።

ከጠያቂ፦

አሁን በራልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ «ኩርሱስ ኦኖሩም»ን፣ ማለትም ሮማዊ ፖለቲከኛ ከታች ወደ ላይ በየተራ የሚይዛቸውን ሥልጣናት፣ «የሹመት መሰላል» ብዬዋለሁ፤ ያስኬዳል?

መልስ፦

«ሹመት» ከላይ የሚሰጥ ነገር ይመስላል፤ እነዚህ ግን በድምፅ የሚገኙ ናቸው። «ኦኖር» ክብርም ሥልጣንም ስለሆነ «የማዕረግ መንገድ» ይሻላል። የዕድሜ ገደብ እንዳለውም አይርሱ፤ በ180 የወጣው የቪሊያ ሕግ ለየማዕረጉ ዝቅተኛ ዕድሜ ወስኗል። ሲሴሮ ኳይስቶርነትን፣ በ69 ኤዲልነትን (የከተማ ሹምነትን)፣ ፕራይቶርነትንና ቆንስልነትን የያዘው ዕድሜው ባስቻለው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ይህን «ሱዎ አኖ» ይሉታል፣ «በራሱ ዓመት»። ጽሑፍዎ ውስጥ ካገኙት «በወቅቱ» ብለው እንዳይመልሱት፤ «ዕድሜው እንደ ፈቀደለት ወዲያው» ይበሉት።