ሶስት እህቶች አንድ ባንድ፣ ሃይሞች እንዴት ሳይበተኑ ቆዩ?

የፍኖተ ሰላሟ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። የውጭ ሙዚቃ የምትከታተሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ሶስት እህትማማቾች ነን፣ አባታችን በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር እና እሱ ጀሪካን ላይ እየመታልን እኛ እየዘፈንን ነው ያደግነው። አሁን እኔ ክራር፣ ታላቄ ኪቦርድ፣ ትንሿ ድምፅ ሆነን ሰርግ ላይ መስራት ከጀመርን ሁለት አመት ሆነን። ዘንድሮ ግን ታላቄ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፣ እናቴም በቃ እዚህ ላይ ይቁም አለች። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ሃይም የሚባሉ ሶስት እህቶች አየሁ፣ ሶስቱም ይዘፍናሉ ሶስቱም መሳሪያ ይጫወታሉ፣ ሳያቸው እንባዬ ነው የመጣው። እነሱ እንዴት ጀመሩ? ትምህርትስ ትተው ነው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ቤዝ መቺው ባህር ዳር፦
እቴ ጥሩ ሰው ጋ ነው የመጣሽው፣ እኔ ቤዝ ጊታር የጀመርኩት ታላቋን ኤስቲን አይቼ ነው። ሃይም የቤተሰባቸው ስም ነው፣ ኤስቲ ቤዝ፣ ዳንዬል ሊድ ጊታርና ዋና ድምፅ፣ አላና ደግሞ ጊታርም ኪቦርድም። ያደጉት ሎስ አንጀለስ ሳን ፈርናንዶ ቫሊ የሚባለው ሰፈር ነው፣ እና አሁን የምነግርሽ ነገር ያስገርምሻል፣ አባታቸው ድራመር ነው! እናትና አባት ከሶስቱ ልጆች ጋር ሮኪንሃይም የሚባል የቤተሰብ ባንድ ነበራቸው፣ የሰው ዘፈን እየተጫወቱ በየበጎ አድራጎት ዝግጅቱ ይሰሩ ነበር። ልክ እንደናንተ ቤት ማለት ነው።

የራሳቸውን ባንድ በፈረንጅ 2007 ጀመሩ፣ የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው ግን 2013 ነው። ስድስት አመት! በዛ መሃል ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ኤስቲ ዩሲኤልኤ የሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የየአገሩን ህዝብ ሙዚቃ የሚያጠናውን ትምህርት ተምራ በ2010 ተመረቀች። ዳንዬል ደግሞ ከነጄኒ ሉዊስና ጁሊያን ካዛብላንካስ፣ ስም ካላቸው የሮክ ዘፋኞች ጋር ጊታሪስት ሆና ቱር ወጣች። አንዷ ክፍል ውስጥ አንዷ መንገድ ላይ ሆነው ባንዱ ጠበቃቸው እንጂ አልፈረሰም፣ እኔ እንደሚገባኝ እንደውም ያ ጊዜ ነው የሰራቸው፣ ምክንያቱም ኤስቲ የተማረችውን ዳንዬል ደግሞ ከትልልቅ ሰዎች ጋር መድረክ ላይ ያየችውን ይዘው ነው የተመለሱት። ከዛ 2013 መጀመሪያ ላይ ቢቢሲ በየአመቱ ተስፋ ያላቸውን አዳዲስ ድምፃውያን የሚመርጥበትን አሸነፉ፣ በዛው አመት አልበማቸው ዴይስ አር ጎን እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ታላቅሽ ዩኒቨርሲቲ መግባቷ የባንዳችሁ መጨረሻ አይደለም ለማለት ነው ይሄን ሁሉ የፃፍኩት።

ማርቆስ ላይ፦
የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ለመስማት ግን ከሶስተኛው አልበም ጀምሪ፣ ዊሜን ኢን ሚውዚክ ፓርት ስሪ የሚለው፣ በኮሮና ምክንያት ተገፍቶ ሰኔ 2020 የወጣው። ለግራሚ የአመቱ አልበም እጩ የነበረ ነው። ሁለተኛው ለኔ ብዙም አልያዘኝም። አራተኛው 2025 ላይ ወጥቷል።
አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ሎስ አንጀለስ ማለት ስቱዲዮው፣ ዘፈን አሳታሚው ሁሉ በር ላይ ያለበት ከተማ ነው፣ እኛ ጋ አንድ ዘፈን በደንብ ለመቅዳት አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ስድስት አመታቸው ስድስት አመታችሁ አይሆንም፣ ይሄን አስባችሁ ግቡ።

የዳንግላዋ እናት፦
ልጄ እኔ ስለፈረንጆቹ አላውቅም፣ ግን ሴት ልጆች አሉኝና እናትሽ ይገቡኛል። እናት የሚያስጨንቃት ዘፈኑ አይደለም፣ ሰርግ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሲያልቅ ማን ያመጣችኋል የሚለው ነው። ክፍያውም ሌላ ነው። ቁጭ ብላችሁ ስለሱ አውሯቸው፣ ማን እንደሚሸኛችሁ፣ ስንት እንደሚከፈላችሁ፣ ቀብዱ በማን እጅ እንደሚገባ። መልስ ካላችሁ እናት ትሰማለች።

ቤዝ መቺው ባህር ዳር፦
እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ክፍያውን ስላነሱት ነው እንጂ ልረሳው ነበር። ሃይሞች አንድ ፌስቲቫል ላይ በጣም ትንሽ ተከፈላቸው፣ ሬድዮ ላይ እንዲዘፈንላችሁ ይጠቅማችኋል ተብለው ነበር እሺ ያሉት። በኋላ ግን እዛው ፌስቲቫል ላይ ለተጫወተ ሌላ ሰው አስር እጥፍ እንደተከፈለ ሲሰሙ ኤጀንታቸውን አባረሩት፣ 2018 ላይ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ስለዚህ እቴ ዋጋ ስትነጋገሩ ሌላው ባንድ ስንት እንደሚወስድ ሳትጠይቁ እሺ እንዳትሉ።

የፍኖተ ሰላሟ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እማማ እርስዎንም በጣም። ክፍያው ላይ እኛም ደርሶብናል፣ ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ ከኛ በኋላ የገባው ልጅ ብቻውን ሆኖ የሶስታችንን እጥፍ ወሰደ፣ እኛ ግን ደግሞ ሳይጠሩን ይቀራሉ ብለን ዝም አልን። ከእንግዲህ ዝም አንልም።
ማታ ሁሉንም ለቤተሰቡ አነበብኩላቸው። አባቴ አባታቸው ድራመር ነው የሚለው ላይ ስደርስ ተነስቶ ቆመ፣ እንደገና አንብቢው አለኝ። እናቴ ምንም አላለችም ግን ኤስቲ የተመረቀችበትን አመት ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ያሰብነው እንዲህ ነው፣ ታላቄ ትማራለች፣ ጥር ላይ የሰሚስተር እረፍቷ ከሰርግ ወቅት ጋር ከገጠመ ትመጣለች፣ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ደግሞ ሁለታችን በክራር እንሰራዋለን፣ አባቴ ከበሮውን ይዞ አብሮን ይሄዳል፣ አብሮንም ይመለሳል።
ትንሿ ደግሞ ቤዝ ካልተማርኩ ብላ ይዛኛለች፣ ባህር ዳር ላይ ያገለገለ ቤዝ ጊታር በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጥ ታውቃላችሁ?