«መራጩ መሀሉን ከዳ» ይባላልን?

ተርጓሚዋ፦
የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ስለ ፈረንሳይ ምርጫዎች የተጻፈ ሐተታ ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ዐረፍተ ነገር አላሳልፍ ብሎኛል። ከእኔ በፊት ሥራውን የጀመረው ሰው «መራጩ መሀሉን ከዳ» ብሎ ጽፎ ትቶታል። ጉዳዩ እንዲህ ነው፤ የምጠቅሳቸው የፈረንሳይ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2012 የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ሐተታው «መሀሉ» የሚላቸው፣ አገሪቱን እየተፈራረቁ ሲገዙ የኖሩት የሶሻሊስቱና የነባሩ ቀኝ ፓርቲ እጩዎች በድምሩ ከመቶ 55 በላይ ድምፅ አገኙ። በ2017 ድምራቸው ወደ 26 ወረደ፤ በ2022 ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው 7 እንኳ አልሞሉም። የቀኝ አክራሪዋ እጩ ማሪን ለፔን ግን በሁለተኛው ዙር በ2017 ከመቶ 34 ያህል፣ በ2022 ከ41 በላይ አገኙ። ጥያቄዬ ጠባብ ነው፤ «ከዳ» የሚለው ግሥ እዚህ ቦታው ነውን? ካልሆነስ በምን ልተካው?

ዘዋሸራ፦
እኅቴ፣ ግሡ ቦታው አይደለም፤ ምክንያቱን ከሥሩ ልንገርሽ። «ካደ» ከግእዙ «ክሕደ» የመጣ ሲሆን የሚያውቁትን አላውቅም ማለት ነው። «ከዳ» ሌላ ግሥ ነው፤ ወንድሙ በትግርኛ «ከድዐ» ሆኖ ይገኛል፤ ታምኖ የተቀመጠ ሰው ያመነውን ጥሎ መሄዱን ያመለክታል። አሽከር ጌታውን ይከዳል፤ ወታደር ጦሩን ይከዳል። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ካደ እንጂ አልከዳም፤ ስለዚህም ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ተመለሰም። እንግዲህ መራጩ ለፓርቲ የገባው መሐላ የት አለ? በሹመቱ ቀን ቃል የሚገባው ተመራጩ ነው። «ከዳ» ያልን እንደ ሆነ ዕዳውን ከባለዕዳው አንሥተን በባለመብቱ ላይ ጫንነው። እኔ ባደግሁበት ቅኔ ቤት መምህራችን ከግሡ አስቀድመው ባለቤቱን ይጠይቁን ነበር፤ እዚህ ላይ የዕዳው ባለቤት ተለውጧል።

ዘዋድላ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ባለቤቱን መርምረው ተሳቢውን ሳይነኩት አለፉ። «መሀሉን» የተባለው አካል በዚህ ታሪክ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ ራሱም ግሥ አለው፤ ያውም እርስዎ ለጴጥሮስ የሰጡት «ካደ» ነው።

ግንቦት 29 ቀን 2005 ለአውሮፓ በተዘጋጀው ሕገ መንግሥት ላይ ፈረንሳውያን በሕዝበ ውሳኔ ተጠየቁ። የሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች አመራሮች «አዎን» በሉ ብለው መከሩ፤ ሕዝቡ ከመቶ 54 በላይ በሆነ ድምፅ «አይደለም» አለ። ከዚያ በኋላ የዚያ ሰነድ አብዛኛው ይዘት በሊዝበን ውል ስም ተመልሶ መጣ፤ በየካቲት 2008 ሕዝቡ ዳግመኛ ሳይጠየቅ በፓርላማ ጸደቀ። በሕግ ረገድ ሁሉም ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር። ነገር ግን ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን «ክሕደ» ካልተባለ ሌላ ምን ይባላል? ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን እኔ ብጽፈው «መሀሉ ካደ፣ መራጩም ከዳ» እለው ነበር። ሁለቱን ግሦች አጠገብ ለአጠገብ ሳያስቀምጡ አንዱን ብቻ መጻፍ ታሪኩን ከመካከል መጀመር ነው።

የሊል ነዋሪ፦
ሁለታችሁም ግሡን ከመጽሐፍ አመጣችሁት፤ እኔ ሰዎቹ በሚኖሩበት አገር ስለምኖር ሌላ ግሥ አቀርባለሁ፤ እርሱም «አኮረፈ» ነው። ከሊል ብዙም ሳይርቅ ኤናን ቦሞን የምትባል የቀድሞ የከሰል ማዕድን ከተማ አለች። የግራው ፓርቲ ለረጅም ዘመን እንደ ርስቱ ይቈጥራት ነበር። ከማዕድኑ መዘጋት በኋላ በ2003 በአጠገቧ የነበረው የሜታሊሮፕ ማቅለጫ ወደቀ፤ 830 ያህል ሠራተኞች ተበተኑ። በ2007 የቀድሞው የሳምሶናይት ሻንጣ ፋብሪካ ተከተለ። በ2009 ሶሻሊስቱ ከንቲባ በሕዝብ ገንዘብ ምዝበራ ተከሰው ታሰሩ። በ2014 የለፔን ፓርቲ የብሔራዊ ግንባሩ ሰው ስቲቭ ብሪዋ በመጀመሪያው ዙር ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። እነዚህን ዓመታት በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው ከተማዋ ድንገት ልቧ እንዳልሸፈተ ያያል።

ኩርፊያ የሚባለው ደግሞ ከባዕድ ጋር የሚደረግ ነገር አይደለም። ሰው የሚያኮርፈው ከሚጠብቅበት ሰው ጋር ነው፤ ልጅ ከእናቱ፣ ሚስት ከባሏ። ያኮረፈ ሰው «ምን ሆነሃል?» የሚለውን ይጠብቃል። በ2002 የማሪን አባት ዣን ማሪ ለፔን ለሁለተኛው ዙር ባለፉ ጊዜ የመሀሉ ሰዎች ደነገጡ፤ ሆኖም ሁሉም ተባብሮ ዣክ ሺራክን ከመቶ 82 በላይ በሆነ ድምፅ ሲያስመርጥ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። «አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» ብለው ተቀመጡ። የቀረበው ምሳ ቀዝቅዞ እንደሚጠብቀው እንጂ አኩራፊው ሌላ ቤት ሄዶ ሊበላ እንደሚችል አላሰቡም። የጠየቀው አልነበረም።

ዘዋሸራ፦
ኩርፊያን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ዕድሜ አለው። ወንድማችን ባቀረበው ታሪክ ከ2003 እስከ 2014 ያለው ጊዜ ለኩርፊያ ረዝሟል። ያን ያህል የቈየ «ቂም» ይባላል። በዚህ መካከል አንድ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ቅሬታ» ነው። ሥሩ «ቀረ» ነው፤ ሒሳብ ተወራርዶ ሲያበቃ በልብ ውስጥ የቀረ፣ ያልተከፈለ ማለት ነው። ስለ እነዚህ መራጮች ሲጻፍ ደግሞ «ወደ ኋላ የቀሩ» ይባላሉ። የቀሩት ሰዎችና ቅሬታቸው ከአንድ ሥር መብቀላቸውን ልብ በሉ።

በኅዳር 2018 የተነሡትን ቢጫ ሰደርያ ለባሾች አስቡ። መነሻው በነዳጅ ላይ የተጣለው ግብር ነበር። በዚያው ዓመት ከሐምሌ ጀምሮ በብዙዎቹ የገጠር መንገዶች ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ከ90 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር፤ በዓመቱ መጀመሪያም በባለጠጎች ሀብት ላይ ይጣል የነበረው ግብር በቤትና በመሬት ብቻ እንዲወሰን ተደርጎ ነበር። ባቡር በማይደርስበት ቀበሌ የሚኖር፣ ወደ ሥራው ያለ መኪና መድረስ የማይችል ሰው እነዚህን ሦስት ውሳኔዎች አንድ ላይ አነበባቸው። ፓሪስ ተቀምጦ ለሚወስነው ሰው ሦስት የተለያዩ ሰነዶች ነበሩ፤ ለዚያ ሰው ግን አንድ መልእክት ነበሩ። የነዳጁ ጭማሪ በታኅሣሥ ተሰረዘ፤ ቅሬታው ግን ስሙ እንደሚለው ቀረ።

የታሪክ መምህሩ፦
ስለ ግሡ ይህን ያህል ከተባለ ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ጸሐፊዎች የመካከሉን ፖለቲካ «መሀል ሰፋሪ» እያሉ መተርጐም ጀምረዋል። ዛሬ ቃሉ ወገን የማይለይ፣ ነፋሱን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ጥንት ግን መሀል ሰፋሪ የተባለው በንጉሠ ነገሥቱ ዙሪያ የሚሰፍረው ጦር ነበር። ይኸው ጦር በ1910 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በአዲስ አበባ ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ በደል አብዝተዋልና ይሻሩልን ብሎ ተነሣ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሚኒስትሮቹ ተሻሩ። መሀል ሰፋሪው ያን ጊዜ አላመነታም፤ የተቀመጡትን ባለሥልጣናት ያስነሣው እርሱ ነው። ስለዚህ እኅታችን ይህን ቃል ለፓርቲዎቹ እንዳትሰጪ እለምናለሁ፤ ታሪኩ ከተቆጡት ወገን ነው።

ስለ ፈረንሳይም የምጨምረው አለ። ኢማኑኤል ማክሮን በ2017 የመሀል ግራውንና የመሀል ቀኙን ሰዎች በአንድ ድንኳን ሰበሰቡ። ቀድሞ በግራው መንግሥት የተቆጣ ሰው ነባሩን ቀኝ ይመርጥ ነበር፤ በቀኙ የተቆጣም ወደ ግራው ይመለስ ነበር። ቁጣው የሚመላለሰው በሥርዓቱ ውስጥ ነበር። ሁለቱ አንድ ከሆኑ በኋላ ግን ለሚቆጣ ሰው የቀሩት በሮች የዳርና የዳር ናቸው፤ በቀኙ ዳር ለፔን፣ በግራው ዳር ዣን ሉክ ሜላንሾን ቆመዋል። በእኔ አስተያየት ከብሔርና ከስደተኛ ክርክር ይልቅ ይህ አሠራር ራሱ ብዙውን ያስረዳል። «ከዳ» የሚለው ግሥ ሌላ መሄጃ የነበረውን ሰው ይፈልጋል።

ዘዋሸራ፦
«ልሂቃን» የሚለውም ቃል ሳይመረመር አይለፍ፤ የነዚህ መራጮች ክስ በሙሉ በእርሱ ላይ ነውና። «ልህቀ» በግእዝ አደገ፣ ሸመገለ ነው፤ «ሊቅ»ም ከእርሱ ነው። ሮብዓም በሴኬም ሕዝቡ «ቀንበሩን አቅልልልን» ባለው ጊዜ የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብረውት ካደጉት ብላቴኖች ጋር መከረ፤ እኔም በጊንጥ እገርፋችኋለሁ ብሎ መለሰ። ሕዝቡ ያን ጊዜ «በዳዊት ዘንድ ምን ክፍል አለን?» ብሎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። የታሪኩ ቍልፍ «አብረውት ያደጉት» የሚለው ነው። ፕሬዚዳንቶቹ ጂስካር ዴስቴን፣ ሺራክ፣ ኦላንድና ማክሮን አራቱም በ1945 ከተቋቋመው ከአንዱ የአስተዳደር ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ማክሮን ራሳቸው በ2021 ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ መወሰናቸው ቅሬታው እንደ ተሰማቸው ያሳያል። እኔ እንደማምነው የመራጩ ቁጣ በመማራቸው አልነበረም፤ ምክራቸው ከአንድ ማዕድ በመሆኑ እንጂ። የሸመገለው «ልሂቅ» ቀርቶ አብሮ ያደገው «ልሂቅ» ብቻውን ሲመክር የሚሆነውን በሴኬም አይተናል።

ዘዋድላ፦
መምህር ሴኬምን እስከ መጨረሻው ያንብቡልን። ሕዝቡን የወሰደው ኢዮርብዓም የሮብዓምን ቀንበር ካስጣለ በኋላ ሁለት የወርቅ ጥጆች አቆመ። ቅሬታው እውነተኛ ነበር፤ ቅሬታውን የተሸከመው ሰው ግን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። እንዲህ ያለው ፖለቲካ የሚጠራበትን «ሕዝበኝነት» የሚለውን ቃል የምመረምረው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ማሪን ለፔን በ2017 የተወዳደሩበት መፈክር «በሕዝብ ስም» የሚል ነበር። ሕዝብ በነጠላ። የነጠላው ብዙ በግእዝ «አሕዛብ» ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ደግሞ አሕዛብ ማለት ከውጭ ያሉት፣ ከቃል ኪዳኑ ያልተቈጠሩት ናቸው። አንድ መሪ «ሕዝብ» የሚለውን ነጠላ ለራሱ ብቻ ሲይዘው የተቀሩት ሁሉ ወዲያውኑ ወደ አሕዛብነት ይወርዳሉ።

የፓሪሷ፦
ዘዋድላ የጻፉትን እኔ በኑሮ ስለማውቀው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የለፔን ፓርቲ «ብሔራዊ ቅድሚያ» በሚለው መርሑ በማኅበራዊ መኖሪያ ቤትና በድጎማ ረገድ ዜጋውን ከውጭ ዜጋው ለማስቀደም ይፈልጋል። በዚህች ከተማ ግብር ከፍለን የምንኖር ሐበሾች በዚያ «ሕዝብ» ውስጥ አንቈጠርም። ስለዚህ «ኩርፊያ» የሚለው ቃል እጅግ ለስላሳ ሆኖ ይሰማኛል። ያኮረፈ ሰው ቢበዛ ከማዕዱ ይነሣል፤ እነዚህ ግን ሌላውን ከማዕዱ ለማስነሣት ድምፅ ይሰጣሉ። የኤናን ቦሞን ሠራተኛ የደረሰበትን ግፍ አምናለሁ፤ ማቅለጫውን የዘጋው ስደተኛ አለመሆኑንም አውቃለሁ።

የሊል ነዋሪ፦
እኅቴ፣ የምትዪው እውነት ነው፤ ግሡ የልብን ሁሉ አይሸፍንም። ነገር ግን አንድ ቀን አስታውሺ። ሚያዝያ 26 ቀን 2017 በአሚየን የዊርልፑል ፋብሪካ ሠራተኞች ማሽኖቻቸው ወደ ፖላንድ እንዳይሄዱ አድማ ላይ ነበሩ። አሚየን የማክሮን የትውልድ ከተማ ናት። ማክሮን ከሠራተኛ ማኅበራቱ ተወካዮች ጋር በአዳራሽ ውስጥ ሲነጋገሩ ለፔን ሳይጠበቁ በፋብሪካው መኪና ማቆሚያ ተገኙና ከሠራተኛው ጋር ፎቶ ተነሡ። ማክሮን ከሰዓት በኋላ መጡ፤ በፉጨት ተቀበሏቸው፤ ቆመውም ተከራከሩ፤ እንዳይዘጋ አደርጋለሁ ብለው ለመዋሸት እንቢ አሉ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ፋብሪካው ግን በ2018 ተዘጋ። ከሠራተኛው ጋር ቀድሞ የቆመው ማን እንደ ነበር ሰው ያስታውሳል፤ የተናገረው እውነት መሆን አለመሆኑ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነው።

ተርጓሚዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ «መሀል ሰፋሪ» የሚለውን ከጽሑፉ አውጥቻለሁ። ነገር ግን ግሡ አሁንም አልተወሰነልኝም። «አኮረፈ»፣ «ቂም ያዘ»፣ «ጥሎ ወጣ» የሚሉትን ሦስቱን ጽፌ አስቀምጫለሁ። ዐረፍተ ነገሩ የሚሸከመው አንዱን ብቻ ነው።

ዘዋድላ፦
እንግዲያው ዐረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ የትኛው ዓመት እንደ ሆነ ንገሪን። ስለ 2002 ከሆነ «አኮረፈ» በቂ ነው። ስለ 2022 ከሆነ ሁለቱ ነባር ፓርቲዎች 7 ከመቶ ያልሞሉበት ዘመን ነውና «ጥሎ ወጣ» እላለሁ። ስለ 2024 ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱም አይበቃም። በዚያ ዓመት በፓርላማው ምርጫ ከ200 በላይ እጩዎች የለፔን ፓርቲ እንዳያሸንፍ ለሌላው ተፎካካሪ ቦታ ለቅቀው፣ ፓርቲው በድምፅ አንደኛ ሆኖ በመቀመጫ ሦስተኛ ወጥቷል፤ ጥሎ ከወጣው መራጭ በተጨማሪ በሩን ሊዘጋ የተመለሰ መራጭም አለ፤ እርሱን በምን ግሥ እንደምንጠራው ገና አልተነጋገርንም።

ዘዋሸራ፦
«ገታ» ይባላል።

ዘዋድላ፦
መምህር፣ «ገታ» ልጓም ለያዘ ሰው ነው። ልጓሙን ማን እንደ ያዘው መጀመሪያ ያሳዩን።